የሙሩ አፍንጫ እና የኦይቫ ግድግዳ

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 4

ውሻዬ ሙሩ ዛሬ ሥራዋን አሳምራ ሠራች። እኔ ግን ሳቄን ለመዋጥ ስታገል ዋልኩ።

ከወንዙ ማዶ ያሉ ባልና ሚስት «ቤታችን ይሸተናል፤ ሻጋታ ይኖረው እንደሆነ መርምሪልን» ብለው ጠርተውን ነበር። ስንደርስ ቤቱ ማቀዝቀዣ ሆኗል። መስኮቱ ሁሉ ከጧት ጀምሮ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ወለሉ በጥድ ሳሙና ተፈግፍጎ ያብረቀርቃል። ከምድጃው ደግሞ ሄል የገባበት ጣፋጭ ዳቦ ይሸታል። «እንዴ፣ እንግዳ ሲመጣ ቤት ይስተካከላል እንጂ!» አሉ ሴትዮዋ ኮራ ብለው። እኔ እኮ እንግዳ አይደለሁም። የመጣሁት ያንን ጠርገው የጣሉትን አቧራ ፍለጋ ነው። «ከመምጣቴ በፊት አታጽዱ፣ መስኮት አትክፈቱ» ብዬ በስልክ ለምኜ ነበር። የዚህ አገር ሰው ግን አቧራውን ለመርማሪ ከሚያሳይ መርዙን ሲተነፍስ ቢኖር ይመርጣል።

እንዲህ ካለ ቤት የሚወሰድ ናሙና ለምንም አይሆንም። ደግነቱ ሙሩን ሳሙናም ዳቦም አያታልላትም። ቀጥ ብላ ወደ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ሄደች፣ ጥጉ ላይ ቁጭ አለች፣ አፍንጫዋን ግድግዳው ላይ ቀስራ ዞራ አየችኝ። «አገኘሁ» ስትል እንዲህ ነው። ሰውየው ጣውላውን ፈልቅቀው ሲያዩት ጀርባው ጥቁር። ሴትዮዋ ቶሎ ብለው የዳቦ ሳህን አቀረቡልኝ።

ቤት ስንገባ ሙሩ ትንሹ ክፍል ገብታ፣ ከሳውናው፣ ከእንፋሎት መታጠቢያችን፣ ጋር የሚያዋስነው ግድግዳ ሥር፣ እንደዚያው ቁጭ አለች። ደክሟታል መሰለኝ።

ያስለኛል። መስኮት ከፍተው አቀዘቀዙኝ እኮ።


ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 7

ልጄ ኢንካ ደወለች። ሄልሲንኪ የሚኖሩበት ሕንፃ ቧንቧው ሁሉ ተነቅሎ ሊታደስ ነው፤ ነዋሪው ለወራት ውጣ ተብሏል። ባሏ መርከብ ላይ ነው የሚሠራው፣ አሁን ባሕር ላይ ነው። ስለዚህ በማርች መጨረሻ ሕፃኑን ይዛ እኛ ጋ ትመጣለች፤ እስከ መኸር ትቆያለች። ክርስትናውም እዚሁ እኛ ቤት ይሆናል። የልጁን ስም እንደ ወጉ ከእናትና አባቱ በቀር ማንም አያውቅም፤ ቄሱ ውኃውን እስኪያፈሱበት ድረስ አይነገርም። እስከዚያው «ሽማግሌው» እንለዋለን። መላጣ ነው፣ ጥርስ የለውም፣ በጥቂቱም ይቆጣል።

ትንሹ ክፍል የሱ ይሆናል። ባሌ ኦይቫ ስልኩ ሳይዘጋ ጣሪያው ሥር ካለው ዕቃ ማስቀመጫ ኢንካ በሕፃንነቷ የተኛችበትን አልጋ አወረደ።


ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 12

ሙሩ ትንሹ ክፍል። እንደገና። ተቆጣኋት። በዓይኗ ታዘበችኝ።


ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 15

የሳውና ቀን። የኦይቫ ወንድም ታርሞ መጣ። እንደ ልማዱ መጀመሪያ ሳውናውን አሞገሰ፣ ቀጥሎ ቋሊማውን በላ፣ ከዚያ ሁለቱ ወንድማማቾች የቤቱን ታሪክ አወሩ። በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ሦስት፣ እኔ ኢንካን አርግዤ፣ ሰፈሩ በሙሉ በደቦ ወጥቶ ይህን ቤት ሠራ። ማን የትኛውን ምሰሶ እንዳቆመ፣ ማን መዶሻውን ጣቱ ላይ እንዳሳረፈ፣ ማን ምንም ሳይሠራ የሾርባውን ድስት እንደጨረሰ በቃሌ አውቀዋለሁ። ኦይቫ ይህን ሲያወራ ሠላሳ ዓመት ይቀንሳል። እኔም አላቋርጠውም።

ሙሩ አልመጣ ስትለን ታርሞ ፍለጋ ሄዶ ከትንሹ ክፍል ተጣራ።

«ካይሱ! ይቺ ውሻሽ ግድግዳ ላይ አፍጥጣ ተቀምጣለች። ጡረታ ወጣች እንዴ?»

«አልጋውን እየጠበቀች ነው» አለ ኦይቫ።

«ባዶ አልጋ ምኑ ይጠበቃል?»

«አንተስ ስትሞሸር ባዶ ኪስህን ስትጠብቅ አልነበር?»

ሳቅሁና ሳሉ ያዘኝ። ለቀቅ አላደርግ አለኝ። ሳበቃ ሁለቱም ያዩኛል።

«ሐኪም ጋ ብትሄጂ ምናለ» አለ ኦይቫ።

«ለጉንፋን?»

 ተነስቶ የሳውናው ምድጃ ላይ ያለው የጋለ ድንጋይ ላይ ውኃ ጨመረ፤ እንፋሎቱ ሁላችንንም ሸፈነን።


ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 20

ጭንቄን ልጻፈው፣ ቢቀለኝ። የሙሩ የዓመቱ ፈተና በማርች አጋማሽ ነው። በማሰሮ የተደበቀውን ሻጋታ ሁሉ ማግኘት አለባት። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሌለውን «አለ» ማለት የለባትም። አንዴ በሐሰት ቁጭ ካለች አለቀ፣ ወደቀች። ቤታችን ውስጥ ግን የምታደርገው ይህንኑ ነው! ሥራ ላይ አንድ ቀን ተሳስታ አታውቅም፤ ደጃፋችንን ስትረግጥ አፍንጫዋ ይጠፋል።

ምክንያቱን ሳወጣ ሳወርድ ዋልኩ። አንደኛ፣ የሥራ ልብሴን የምሰቅለው እዚያው አካባቢ ነው፤ እሱ ሸቷት ይሆናል። ሁለተኛ፣ በአልጋው ቀንታ ይሆናል። ሦስተኛ፣ አርጅታለች።  ስትሮጥ ግን ቡችላ ናት።

የቤቱ ነገር እንኳ ምክንያት አይሆንም። እርግጥ በዚያ ዘመን እንደተሠሩት ብዙ ቤቶች ነው፤ ከውጭ ሲታይ ግንብ ላይ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ይመስላል፣ የግድግዳው እግር እንጨት ግን ከግንቡ ጀርባ ወርዶ ከግቢው አፈር በታች ነው ያለው። ውኃ ሲያገኝ እዚያው ይበሰብሳል። የሰው ቤት ቢሆን ከመኪና ሳልወርድ ነበር «ይሄ ይከፈት» የምለው። የኛ ግን አሸዋማ ቦታ ላይ ነው። ደግሞም ኦይቫ ነው የሠራው።


ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 28

ሳምንቱን ሰሜን ነበርኩ። ትልቅ ትምህርት ቤት፤ ልጆቹ ግቢ ውስጥ በተደረደሩ ጊዜያዊ ክፍሎች ይማራሉ፣ ዋናው ሕንፃ ተዘግቷል። መሬቱ ሲቀዘቅዝና በረዶ ሲሸፍነው ለኛ ሥራ ደጉ ጊዜ ነው፤ ከውጭ የሚገባ ነገር ስለማይኖር ውስጥ ያለው ራሱን ያጋልጣል። ሙሩ አራተኛው ክፍል ላይ ቁጭ፣ ሙዚቃ ክፍሉ ላይ ቁጭ። አንዷ አስተማሪ ለጓደኛዋ «አየሻት? ሻጋታ ስታገኝ ፊቷ ይበራል እኮ» ስትል ሰማሁ። ውሻዋን መሰለኝ ያለችው። እኔን ነው ለካ።

ርዕሰ መምህሩ ደግሞ «እኛ ለምደነው ሽታው አይታወቀንም ነበር» አሉ። ሰው እንዴት እንዲህ ይሆናል? በየቀኑ አፍንጫው ሥር ያለውን!

እዚያ የእንግዳ ማረፊያ ሳድር ሳሉ ጨርሶ ለቀቀኝ። የሰሜን ብርድ ደረቅ ስለሆነ ነው። ዛሬ ማታ ቤት ገባሁ፣ ተመለሰ። የባሕሩ እርጥበት አይስማማኝም።


እሑድ፣ ማርች 2

ኦይቫ በረዶ ቀዶ ዓሣ ሊያጠምድ ሐይቅ ሄዷል፤ እስኪመሽ አይመለስም። ጥሩ አጋጣሚ ነው። ነገሩን አንዴ ልቁረጠውና ልረፍ ብዬ የናሙና ሳህኖቼን ትንሹ ክፍል አስቀመጥኩ። አየር ውስጥ የሚበር ነገር ካለ እዚያ ላይ አርፎ ይበቅላል።

ከማስቀመጤ በፊት ወለሉን ትንሽ አጠብኩት፤ አቧራ ላይ ዕቃ ማስቀመጥ ደግሞ ነውር ነው። ግድግዳውንም አንድ ጊዜ ወለወልኩት። ሳሙናው ስለከረፋኝ መስኮቱን ጥቂት ከፈትኩ። ጥቂት ነው። ቡና ጠጥቼ፣ ልብስ አስጥቼ እስክመለስ።

ኦይቫ ሲገባ «ምንድነው ቤቱ እንዲህ የጸዳው፣ ማን ሊመጣ ነው?» አለኝ። ኢንካ አልኩት። ኢንካ የምትመጣው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።


ማክሰኞ፣ ማርች 11

ንጹሕ! ሳህኖቹ ላይ አንዲት ነጠብጣብ የለም። ደስ ብሎኝ ሙሩን ጠርቼ አፍንጫዋ ሥር አደረግኩላት። «እይ፣ አየሽ?» አልኳት። ዞር ብላም አላየቻቸው። ትንሹ ክፍል ሄዳ ቁጭ አለች።

ግትር። ማንን እንደወጣች አላውቅም።


ዓርብ፣ ማርች 14

ሴይናዮኪ ከተማ። ፈተና። 

ያረጀ ባዶ መጋዘን ውስጥ ነው የተፈተነችው። ማሰሮዎቹን ማን የት እንደደበቃቸው ከፈታኟ ከሄልቪ በቀር የሚያውቅ የለም። ሄልቪ ውሾች ሲፈተኑ ፊቷን ድንጋይ ነው የምታደርገው፤ ውሻው ከሰው ፊት እንዳያነብ። አንድ ማሰሮ ውስጥ የበሰበሰ ቅጠል፣ አንዱ ውስጥ አይብ፣ አንዱ ውስጥ የታርሞ ካልሲ የመሰለ ነገር አስቀምጣ ነበር፣ ለማሳሳት። ሙሩ ሁሉንም አለፈቻቸው። እውነተኛው ሻጋታ ያለበት ላይ ብቻ ቁጭ፣ ቁጭ፣ ቁጭ። አንድ ስህተት የለም። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። አቅፌያት አለቀስኩ፣ ሄልቪ እያየችኝ።

ከዚያ ቡና ስንጠጣ አፌን አልዘጋም ብዬ፣

«ተመስገን ነው እንጂ እኮ ፈርቼ ነበር። ቤት ውስጥ ትሳሳታለች» አልኳት።

«የት ላይ?»

«ከሳውናው ጀርባ ያለችው ክፍል። ሁልጊዜ አንድ ግድግዳ።»

«ቤቱ መቼ ተሠራ?»

«ሰማንያ ሦስት።»

«የግድግዳው እግርስ?»

«…አፈር ውስጥ።»

ሄልቪ ስኒዋን አስቀመጠች። «ካይሱዬ፣ ይሄ የደንበኛ ቤት ቢሆን ምን ትያለሽ?»

«ናሙና ወስጃለሁ እኮ። ንጹሕ ነው።»

«ከመውሰድሽ በፊት አጸዳሽ?»

ስለ መንገዱ በረዶ ማውራት ጀመርኩ። ሄልቪ ድሮም ነገረኛ ናት።


ቅዳሜ፣ ማርች 15

ለኦይቫ ሙሩ ማለፏን ነገርኩት።

«ስንት ስህተት?»

«አንድም።»

 ትንሹን ክፍል አየ፣ እኔን አየ። ልክ አንድ ነገር ሊል ሲል ሳሉ መጣብኝ፤ ሲያልፍልኝ እሱ እንጨት ሊፈልጥ ወጥቶ ነበር። የተፈለጠ እንጨት ለሁለት ክረምት የሚበቃ አለን።


ሐሙስ፣ ማርች 20

ኦይቫ ክፍሉን ቀለም ቀባው። ብርሃናማ ቢጫ። ስለ ቤቱ በፍቅር ሲያወራ፣ በጣቱ የምሰሶውን ጠርዝ ሲዳብስ አየሁት። እንዴት ብዬ ልንገረው? ምን ብዬ? «ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ያቆመው፣ አንተ ዕድሜህን ሙሉ የኮራህበት ሥራ በስብሷል» ልበለው? ለሌላ ሰው በሳምንት ሦስቴ እላለሁ፣ ፊቴ እየበራ።

ደግሞም ምንም አልተረጋገጠም።


እሑድ፣ ማርች 23

ኢንካ መጣች፣ ሽማግሌውን ይዛ። ኦይቫ ከመኪናው ተቀብሎ አቅፎት ቤቱን በሙሉ አዞረው፤ «ይህን ምሰሶ እኔ ነኝ ያቆምኩት፣ ይሄ ደግሞ የታርሞ ነው፣ ለዚህ ነው የተጣመመው» ይለዋል። ሽማግሌው ያዛጋል።

አልጋው ላይ ስናስተኛው ሙሩ ገባች። በአልጋውና በግድግዳው መሃል ተሸጉጣ ገብታ ቁጭ አለች። አፍንጫዋን ቀስራ። ጠራኋት፣ አልመጣችም። በቋሊማ አባበልኳት፣ ንቅንቅ የለም። ልጁ አስነጠሰ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ።

«እማዬ፣ ሙሩ ምን ሆና ነው?»

«ልጁን ወዳው ነው።»

ኢንካ አየችኝ። ልጅነቷን በሙሉ ስለ ሻጋታ ሲወራ እየሰማች ነው ያደገችው። «ደንበኞችሽን እንዲህ ብለሽ ነው የምታረጋጊያቸው?» አለችኝ።

አልጋውን ሳሎን አወጣሁት። «እዚያ ብርሃን አለ» አልኩ። ደጁ ጨለማ ነበር።

አፍራለሁ።  ባሌን እንዳላሳዝን ብዬ የሁለት ወር ሕፃን እዚያ ግድግዳ ሥር ላስተኛ ነበር። እኔ፣ ሥራዬ ይህ የሆነው!


ሰኞ፣ ማርች 24

ጧት፣ ቁርስ ሳንበላ፣ የሙሩን የሥራ ማሰሪያ አመጣሁ። ቤት ውስጥ አስሬላት አላውቅም። ስታየው ጆሮዋ ቆመ። ኦይቫ ስኒውን እንደያዘ በሩ ላይ ቆመ፣ ኢንካ ሽማግሌውን አቅፋ ሶፋው ላይ ነበረች። ማንም «ምን እያደረግሽ ነው» አላለኝም።

«ፈልጊ» አልኳት። ድምፄ አላምር አለ።

ማድ ቤቱን አሸተተች፣ አለፈች። ሳሎኑን፣ አለፈች። መኝታ ክፍላችን ገባች። በአልጋው ዙሪያ ዞራ፣ በራስጌው በኩል፣ በኔ ጎን፣ ቁጭ። ይህን አልጠበቅሁም ነበር። ከዚያ ተነስታ ትንሹ ክፍል፣ አዲሱ ቢጫ ቀለም ላይ፣ ቁጭ። ዞራ አየችኝ፤ «ስንት ጊዜ ልንገርሽ?» የምትል መሰለኝ።

«ኦይቫ፣ እንግዲህ…» አልኩ። 

ስኒውን አስቀምጦ ወጣ። የበሩን ድምፅ ሰማሁ። ተቆጥቶ ሄደ፣ አልኩ በልቤ። መልሶ ሲገባ ግን የብረት መፈልቀቂያውን ይዟል። ትንሹ ክፍል ገብቶ፣ ገና አራት ቀን የሆነው ቀለም ላይ ብረቱን ሰክቶ ሳበው። ጣውላው ጮኸ፣ ወለቀ። ከጀርባው ያለው የብርድ መከላከያ መሙያ ረጥቦ ጠቁሯል። እታች፣ የግድግዳው እግር፣ ጣቴን ስጭነው እንደ ኬክ ገባ። ሽታው ቤቱን ሞላው። ኢንካ ልጁን ይዛ ወደ ውጭ ሮጠች።

ኦይቫ ተንበርክኮ ረጅም ጊዜ አየው። እንዴት እንደማጽናናው እያሰብኩ ነበር፤ ደንበኞቼን የማጽናናበት ቃል ሁሉ ጠፋኝ። ድንገት መሳቅ ጀመረ። ሳቀ ከማለት ተናወጠ ማለት ይሻላል። ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀምጦ በእጁ ፊቱን ሸፍኖ አለቀሰ። በአርባ ዓመት ትዳራችን እንዲህ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም።

«አይዞህ፣ ቤቱ ይስተካከላል» አልኩት።

«ቤቱ!» አለ። «ቤቱ ገደል ይግባ! ሳልሽ ከዚህ ነው?»

«ከዚህ ነው መሰለኝ። ሰሜን ሳለሁ ለቆኝ ነበር።»

«ሌላ ምንም አይደለም?»

«ምን ሌላ?»

 ወለሉን እያየ ተናገረ። ሁለት ክረምት፣ እኔ ተኝቼ ሳስል፣ እሱ ነቅቶ ያዳምጥ ነበር። ሳሉ ሲጠነክር፣ ሲላላ፣ መሃሉ ላይ ትንፋሼ ሲያቆም። ሐኪም ጋ ሂጂ ያለኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለተኛ ያላለኝ ሐኪሙ የሚለውን ፈርቶ ነው። እንጨቱንም የሚፈልጠው ለዚያ ነበር። «ብቻዬን ስቀር የምማግደውን እንጨት ነው የምቆርጠው እያልኩ አስብ ነበር» አለኝ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አንቺስ ግድግዳውን ለምን አልነገርሽኝም?»

ይህን ጊዜ እኔም ተቀመጥኩ፣ እዚያው ፍርስራሹ ላይ። ሙሩ በመሃላችን ገባች።

«ግድግዳ ከሆነ» አለ ኦይቫ፣ አፍንጫውን በእጅጌው እየጠረገ፣ «ግድግዳ ከሆነ እኮ መሥራት እችላለሁ።»


እሑድ፣ ኤፕሪል 6

ቤቱን ለቀናል። ኢንካና ሽማግሌው ታርሞ ቤት ናቸው፤ እኛ ግቢው ውስጥ፣ በጋ ላይ ከመኪና ኋላ በምንጎትታት ባለጎማ ቤት፣ ካራቫን ውስጥ። ክርስትናው በደብሩ አዳራሽ ይሆናል። ከግድግዳው የቆረጥኩትን ላቦራቶሪ ልኬ ነበር፤ መርዝ ከሚተፉት ወገን ነው፣ እንደገመትኩት። ሐኪም ጋም ሄድኩ፣ ኦይቫ እጄን ይዞ። ሳንባዬን አዳምጠው፣ ራጅ አንስተው፣ «ከዚያ ቤት ራቂ፣ ይድናል» አሉኝ። ኦይቫ ሐኪሙን ሊያቅፋቸው ምንም አልቀረው። ዓይናፋር ሰው ናቸው፣ ደነገጡ።

ትናንት ሰፈሩ ለማፍረስ በደቦ ወጣ። ከሰማንያ ሦስቶቹ ያሉት አርጅተዋል፣ ልጆቻቸውን አመጡ። «በነጻ የሠራነውን በነጻ እናፈርሳለን፣ ቅር የሚለው አለ?» እያለ ታርሞ ይጮኽ ነበር። እሱ ያቆመው የተጣመመው ምሰሶ ደረቅ ሆኖ ተገኘ። እስከ መቃብር ድረስ ይነግረናል።

አሁን ጧት ነው። ካራቫኗ ጠባብ ናት፤ ስንገላበጥ ተነጋግረን ነው የምንገላበጠው። እኔ አላሳልኩም፣ ሌሊቱን በሙሉ። ግን አልተኛሁም። ኦይቫ ሲያንኮራፋ አደረ፣ መስታወቱ እስኪነቀነቅ። ሁለት ክረምት ያልተኛውን በአንድ ሌሊት ሊጨርሰው ነው። ሙሩ ሳይቀር ተነስታ በሩ ላይ ቆማለች፣ «አውጪኝ» ትለኛለች።

ታርሞ መዶሻውን ይዞ መጥቶ «ይሄ ሰውዬ አሁንም ተኝቷል? ልቀስቅሰው?» ይላል በመስኮት።

ዝም በለው አልኩት፣ ይተኛ።